የምጥ መርዘምና ፌስቱላ የሚባለው ሕመም

በአዲስ አበባ ከተማ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ከሚሻገረው ሕዝብ ብዙው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያልፋል። ድልድዩ የጦር ሚኒስትር የነበሩትንና በ1919 ዓ.ም. ያረፉትን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ስም የያዘ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ታላቁ ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረ ወዲህ ተሸካሚውና ነጋዴው፣ የጭነት አህያውና መኪናው በዚያ ሰፈር ሲተላለፍ ይውላል። ከየአገሩ በአውቶቡስ መጥቶ አዲስ ከተማ የሚወርደው እንግዳም ሁሉ ለንግድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የመጣ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ፍለጋ የመጣም አለበት።

ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ሌላው ሰው አጠገባቸው መቀመጥ የማይወድ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። ሽንታቸው ሌሊትና ቀን ያለ ማቋረጥ ስለሚፈስ ልብሳቸው አይደርቅም። ተሳፋሪው ስለ ሽታው ያጕረመርማል፤ ነጂውም አንዳንድ ጊዜ ከመንገድ ያወርዳቸዋል። ከዚህም የተነሣ የቀረውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱ አሉ። ዕድሜያቸው ሲጠየቅ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ሁሉ መከራ የደረሰባቸውም ልጅ ለመውለድ ሲያምጡ ርዳታ ሳያገኙ ባለፉት ሁለት ወይም ሦስት ቀኖች ምክንያት ነው።

ሕመሙ ፌስቱላ ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ቧንቧ ወይም መቃ ማለት ነው። በሽንት ፊኛና በማኅፀን መንገድ መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም በዐይነ ምድር መውጫና በማኅፀን መንገድ መካከል፣ ሊኖር የማይገባው ቀዳዳ ተከፍቶ ሲገኝ ሐኪሞች በዚህ ስም ይጠሩታል። ሕመሙ ተላላፊ አይደለም፤ ከዘርም አይወረስም። በአገራችን በብዛት የሚመጣው ምጥ ሲረዝምና ርዳታ ሲዘገይ ነው። ቀዳዳውን ለመስፋት የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ከመጀመሪያው እንዳይፈጠር ለማድረግ ግን ከሥራው ብዙው ያለው በመንደሩ ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሌዎች ነገሩን ከሥሩ ሊያውቁት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የተባለበት ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ ሌላው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ስለ መውለጃ አካላት መናገር በብዙ ቤት እንደ ነውር ይቈጠራል። ዳሩ ግን እነዚህ አካላት እንደ ልብና እንደ ሳንባ ሥራ የተሰጣቸው ናቸው፤ የልብን ሥራ በሰሌዳ ላይ ሥሎ የሚያስተምር መምህር ስለ እነዚህም በዚያው ንጹሕ ቋንቋ ቢናገር የሚያፍርበት ነገር የለም።

የሴት የመውለጃ አካላት ከእንብርት በታች፣ በዳሌ ዐጥንት ቀለበት ውስጥ ተከተው ይገኛሉ። በመካከል ያለው ማኅፀን ነው። ቅርጹ አፏን ወደ ታች የደፋች ትንሽ ቅል ይመስላል፤ ፅንስ በሌለ ጊዜ ርዝመቱ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 60 ግራም ያህል ነው። ከግራና ከቀኝ ዕንቍላል የሚያፈሩ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ሴት ልጅ በሕይወቷ ሙሉ የምታፈራውን ዕንቍላል ሁሉ ገና ስትወለድ በሰውነቷ ይዛው ትወለዳለች፤ ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ በየወሩ ብዙ ጊዜ አንዱ እየበሰለ ይወጣና በቀጭን ቧንቧ ወደ ማኅፀን ይሄዳል። በቧንቧው ውስጥ ከወንድ ዘር ጋራ የተገናኘ እንደ ሆነ ፅንስ ይሆናል። ያልተገናኘ እንደ ሆነ ግን ማኅፀን ለፅንስ ያዘጋጀው የውስጥ ሽፋን ከደም ጋራ ይወርዳል፤ የወር አበባ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ምክንያት በየወሩ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጃገረድ ብትኖር የሚያስፈልጋት ንጹሕ ጨርቅ፣ ውሃና የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ነው እንጂ ተግሣጽ አይደለም።

ከማኅፀን በታች ሕፃን የሚወጣበት መንገድ አለ። ከዚህ መንገድ ፊት ለፊት የሽንት ፊኛ ተደግፎ ይገኛል፤ ከኋላው ደግሞ የዐይነ ምድር ቧንቧ ያልፋል። ሦስቱን የሚለያየው ሥጋ ስስ ነው፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር የሚቈጠር ነው። ከፊኛው ፊት ደግሞ የዳሌ ዐጥንት የፊቱ ክፍል እንደ ግድግዳ ቆሟል። ፊኛው እንግዲህ ከፊቱ ዐጥንት፣ ከኋላው ሕፃን የሚያልፍበት መንገድ ያለው ሆኖ በመካከል ተቀምጧል። አንባቢ ይህን አቀማመጥ በልቡ ይያዝ፤ የሕመሙ ነገር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

የእርግዝናን ዘመን ሐኪሞች ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምረው 280 ቀን ይቈጥሩታል፤ በእኛ የሠላሳ ቀን ወር 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29 ቀን ጽንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ልደት 9 ወር ከ5 ቀን ብላ የምትቈጥረውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሁለቱ ቍጥሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያያሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማኅፀን ከ60 ግራም ተነሥቶ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ያድጋል። ሕፃኑ የሚመገበው በእትብቱ አማካይነት ከእንግዴ ልጅ ነው፤ እንግዴ ልጅም ከእናቲቱ ደም የሚያስፈልገውን እየወሰደ ያቀብለዋል። አንዳንድ ስፍራ ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ሕፃኑ ይገዝፍና መውለድ ይቸግራታል በማለት ምግብ ይቀንሱባታል። ይህ ልማድ ጕዳቱ የበዛ ነው፤ እናቲቱ ደሟ ይቀንሳል፣ ሕፃኑም ደካማ ሆኖ ይወለዳል። እንዲያውም በልጅነቷ በሚገባ ያልተመገበች ሴት ናት ዳሌዋ ሳይሰፋ የሚቀረው።

አሁን ወደ ምጥ እንመለስ። ምጥ ሲጀምር የማኅፀን አንገት ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ የሕፃኑ ራስ ወደ ታች ይወርዳል። በቂ ጊዜ ቈይቶ የተወለደ ሕፃን የራሱ ስፋት 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የእናቲቱ የዳሌ ቀለበት መግቢያ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ 11፣ ከጐን ወደ ጐን 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክፍተቱ እንግዲህ ጠባብ ነው። ሕፃኑም ራሱን አቀርቅሮና አዙሮ፣ የራስ ቅሉ ዐጥንቶች እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ ያልፋል። ዳሌው ትንሽ ጠበብ ያለ እንደ ሆነ፣ ወይም የሕፃኑ ራስ የገዘፈ እንደ ሆነ፣ ወይም ሕፃኑ አግድም የተኛ እንደ ሆነ ግን አያልፍም።

በገበያ ቀን በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያዎች የሄደ ሰው ለዚህ ምሳሌ አያጣም። አህያ በግራና በቀኝ ጆንያ ተጭና በሁለት ግድግዳ መካከል ስትገባ ጭነቱ ይያዛል። ባለቤቷ ወዲያው ጭነቱን ያወረደላት እንደ ሆነ ምንም አትሆንም። ከኋላ በዱላ ያጣደፋት እንደ ሆነ ግን ጆንያው ይበልጥ ይጣበቃል፤ ግድግዳውም ይፋቃል፣ ጆንያውም ይቀደዳል። በረዘመ ምጥ ላይ የእናቲቱን ሆድ የሚጫኑ፣ የሚያሹ፣ አንሥተው የሚወዘውዙ ሰዎች የሚሠሩት ይህን ነው። ማኅፀን በዚህ ምክንያት ተቀዶ እናት የምትሞትበት ጊዜ አለ። ዐዋቂ ሰው የተያዘውን ጭነት ማውረድ እንጂ መግፋት አይገባውም፤ ሕፃኑን በሌላ መንገድ የሚያወጣው ደግሞ በሆስፒታል ያለ ቀዶ ሐኪም ነው።

የተያዘው ራስ ሳይወጣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ያለፈ እንደ ሆነ በራሱና በዳሌው ዐጥንት መካከል የተያዘው የፊኛ ሥጋ ደም ያጣል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል። ሕፃኑም በአብዛኛው በዚያው ይሞታል፤ ከሞተ በኋላ ሰውነቱ ስለሚላላ በመጨረሻ ይወጣል። በቤቱ ያሉ ሰዎች እናቲቱ በሕይወት በመትረፏ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፤ ደግሞም እውነት ነው፤ ብዙዎች በዚህ ሁኔታ አይተርፉምና። ጥቂት ቀን እንዳለፈ ግን የሞተው ሥጋ ተቈርጦ ይወድቃል፤ በስፍራው ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንትም በዚያ ቀዳዳ ይፈስ ጀመር። ጫናው ወደ ኋላ የሆነ እንደ ሆነ ዐይነ ምድርም እንዲሁ ይሆናል። በዳሌ ውስጥ የሚያልፈው ጅማትም ስለሚጨፈለቅ አንዳንዲቱ እግሯን ከመሬት ቀጥ አድርጋ ማንሣት ያቅታታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ኑሮ ለመጻፍ የሚያሳዝን ነው። ሴቲቱ ልጇን አጥታለች፤ ባሏ ብዙ ጊዜ ይተዋታል፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሠርግና ከለቅሶ ራሷ ትቀራለች። ሽንቱ እንዲቀንስ ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች፤ ይህም ስሕተት ነው፤ ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይበረታል፣ ገላዋንም ያቃጥላታል፣ ጠጠርም ያመጣል። በጓዳ ተጠቅልላ ለወራት ከመተኛቷ የተነሣ ጕልበቷ ታጥፎ አልዘረጋ የሚልባትም አለች። በዚህ ላይ ሰው ስለ ምክንያቱ የራሱን ይናገራል፤ አንዱ እርግማን ነው፣ ሌላው ቡዳ ነው፣ ሌላው የሠራችው ኀጢአት ነው ይላል። ምክንያቱ ግን ከላይ እንደ ተነገረው ነው፤ በዐጥንትና በዐጥንት መካከል የተያዘ ስስ ሥጋ ለረጅም ሰዓት ደም በማጣቱ ነው። ንግሥትም ብትሆን ባለጠጋም ብትሆን በዚያ ሁኔታ ለሦስት ቀን ያለ ርዳታ ብታምጥ ከዚህ አታመልጥም።

ይህ ነገር ለመሆኑ ማስረጃ አለ። በግብፅ አገር ከ4000 ዓመት በፊት በዳግማዊ መንቱሆቴፕ ቤተ መንግሥት የኖረች ሄንሄኒት የምትባል እመቤት አስከሬኗ ደርቆ እስከ ዘመናችን ቈይቷል። ሐኪሞች በመረመሩት ጊዜ ዳሌዋ ጠባብ ሆኖ፣ በፊኛዋና በማኅፀኗ መንገድ መካከልም ሰፊ ቀዳዳ ተገኝቶባታል። ሕመሙ እንግዲህ የአፍሪቃ ድኾች ብቻ ሕመም አይደለም፤ በአውሮፓና በአሜሪካም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ብዙ ነበር። በአሜሪካ አገር በአላባማ ጄምስ ማርዮን ሲምስ የተባለው ሐኪም ከ1845 እስከ 1849 ድረስ ቀዳዳውን ለመስፋት ሲሞክር ቈይቶ በመጨረሻ በብር ክር ተሳካለት። የተሞከረባቸው ግን በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ እምቢ ለማለት ሥልጣን የላቸውም፤ ማደንዘዣም አልተሰጣቸውም። ከእነርሱ አንዲቱ አናርቻ የምትባለው 30 ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። ሐኪሞች ዛሬ በደኅና የሚሠሩበት ጥበብ በእነዚህ ሴቶች ሥቃይ የተገኘ መሆኑን መሰወር አይገባም። ኋላ በእነዚያ አገሮች የሠለጠነ አዋላጅና በቀዶ ጥገና ማዋለድ ለሁሉ ሲዳረስ ሕመሙ ከሞላ ጐደል ጠፋ። የሴቶቹ ዳሌ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርዳታው የሚደርስበት ሰዓት ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ሕክምና ታሪክ ከአንዲት ልዕልት ሞት ጋራ ይያያዛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሕመምተኞችን አስታመሙ፤ አግብተውም ወደ ወለጋ ሄዱ። በዚያም በነቀምቴ ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ደግሞም ራሳቸው የሕክምና ባለሙያ የነበሩ ሴት በዚህ ምክንያት ከሞቱ የሩቅ መንደር እናት ምን ትሆን ነበር? በለንደን ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስበው በልዕልቲቱ ስም በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ረዱ፤ እርሱም ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው።

ወደዚህ የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል በ1959 ሁለት የማኅፀን ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ መጡ፤ የኒው ዚላንዱ ተወላጅ ሬጂናልድ ሐምሊንና የአውስትራሊያ ተወላጅ ካትሪን ሐምሊን። የተዋዋሉት አዋላጆችን ለማስተማር፣ ለሦስት ዓመት ነበር። ሁለቱም በአገራቸው ፌስቱላ የያዛት ሴት አይተው አያውቁም ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን በሆስፒታሉ በር ተቀምጠው አገኟቸው። መጽሐፍ እያነበቡ፣ በዚህ ሕክምና በካይሮ ስመ ጥር ከነበሩት ከናጊብ ፓሻ ማሕፉዝ ትምህርትም እየቀሰሙ ሥራውን ጀመሩ። (የግብፁ ታላቅ ደራሲ ናጊብ ማሕፉዝ ስሙን ያገኘው በተወለደ ጊዜ እናቱን ከረዱት ከእኚህ ሐኪም ነው።) የሕመምተኞቹ ቍጥር ስለ በዛ በ1974 ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ፤ ሕክምናውም ያለ ክፍያ ሆነ። ሬጂናልድ በ1993 ሞቱ። ካትሪን ግን በሥራቸው ጸንተው፣ የኢትዮጵያ የክብር ዜግነትም ተሰጥቷቸው፣ በ96 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ሦስት ዓመት የተባለው ውል ስድሳ ዓመት ሆነ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ከ60,000 በላይ ሴቶች በዚያ ሆስፒታልና በቅርንጫፎቹ ታክመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለመምህራን የሚያስደንቀው የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። በገጠር ተወልደው ፊደል ሳይቈጥሩ ገና በልጅነታቸው ለቀናት አምጠው ልጃቸውን አጡ፤ ፌስቱላም ያዛቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሐምሊኖች ዘንድ መጡ። ከታከሙ በኋላ በሆስፒታሉ ቀርተው አልጋ ማንጠፍና ሕመምተኛ ማጽናናት ጀመሩ፤ ከዚያም ለቀዶ ሐኪሙ መሣሪያ ማቀበል፤ ከዚያም ዐይናቸው እያየ እጃቸው እየተማረ ራሳቸው መስፋት ቻሉ። በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋራ የወርቅ ሜዳይ ሸለማቸው። ማንበብን የተማሩት ከቀዶ ጥገና በኋላ ነው። ከሌላ አገር ለመማር የመጡ ሐኪሞች በእርሳቸው አጠገብ ቆመው ተምረዋል።

የስፌቱ ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሴቲቱ ከወገቧ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ሕመሙ እንዳይሰማት ትደረጋለች። ሐኪሙ የተጣበቀውን ጠባሳ ለይቶ ፊኛውን ነጻ ያወጣና ቀዳዳውን ሳይወጥር ይሰፋዋል። ከዚያ ስፌቱ እስኪድን ሁለት ሳምንት ያህል ሽንት በላስቲክ ቱቦ እንዲወርድ ይደረጋል። ከዐሥሩ የዘጠኙ ያህል ቀዳዳው ይዘጋል። ከተዘጋላቸውም መካከል የፊኛው ሥጋ ስለ ተጐዳ ሽንት መቋጠር የሚያቅታቸው አሉ፤ እነዚህ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ፈጽሞ ሊድኑ ያልቻሉት እንዲኖሩበት በ2002 ደስታ መንደር የሚባል ስፍራ ተከፍቷል። ከሆስፒታሉ የዳነችው ሴት ስትወጣ አዲስ ቀሚስና የአውቶቡስ ገንዘብ ይሰጣታል፤ የመጣችበትን መንገድ እንደ ሰው በመቀመጫዋ ተቀምጣ እንድትመለስ ነው።

ስለ ሕመሙ ሲነገር ብዙ ሰው ልጅ ሆና የተዳረችውን ብቻ ያስባል። እርግጥ ነው፤ የልጃገረድ ቁመት ማደግ ካቆመ በኋላ እንኳ ዳሌዋ ገና መስፋቱን አይጨርስም፤ ስለዚህ በ14 ወይም በ15 ዓመቷ ያረገዘች ልጅ አደጋዋ ይበልጣል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገበት ምክንያት አንዱ ይህ ሊሆን ይገባዋል። ነገር ግን አራትና አምስት በደኅና የወለደች ሴትም በስድስተኛው ሕፃኑ ገዝፎ ወይም አግድም ሆኖ ልትያዝ ትችላለች። «እርሷ እኮ ለምዳዋለች» ተብሎ የተተወች ሴት በዚህ የተጐዳችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማን እንደምትያዝ አስቀድሞ በርግጥ የሚያውቅ ሐኪም የለም፤ ስለዚህ ነው ሁሉም በጤና ተቋም ትውለድ የሚባለው።

ሰዓቱ የሚባክነው በሦስት ስፍራ ነው። አንደኛው በቤት ነው፤ ባል እስኪመጣ፣ አማት እስክትፈቅድ፣ ገንዘብ እስኪገኝ፣ «ትንሽ እንይ» እየተባለ ይመሻል። ሁለተኛው በመንገድ ነው። ሦስተኛው በጤና ተቋሙ ነው፤ ይህ የመንግሥትና የሐኪሞች ኀላፊነት ነው፤ መንደሩ ሊያቃናው የሚችለው የፊተኞቹን ሁለቱን ነው። ምጥ በቤት የጀመረ እንደ ሆነ ጉዞው በዚያው ሰዓት ይጀመር። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ለመጠበቅ ምንም ምክንያት የለም፤ ፀሐይ ስትወጣ የጀመረ ምጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቀጠለ ሴቲቱ ከዚያ በፊት በመንገድ ላይ መሆን ነበረባት። ጸሎት የሚጸልይ በመንገድም ይጸልያል፤ ማርያም ትቅረብሽ የምትለው ጎረቤት ከቃሬዛው ጐን እየሄደች ትበላት።

ስለ ቃሬዛ ብዙ ሰው አቃልሎ ያያል። በአማራ አገር በብዙ ቀበሌ ዕድሩ ቃሬዛና ተሸካሚ ጐልማሶች አዘጋጅቶ ይይዛል፤ ተራቸውም የታወቀ ነው። አስከሬን ለመሸከም እንዲህ ያለ ሥርዓት ካለ ለምጥ የተያዘችውን ለመሸከም እጥፍ ሊኖር ይገባዋል። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቍጥር በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ቢጻፍ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ይህን ለማድረግ ከጠመኔ በቀር ወጪ የለውም።

ቤቷ ከመኪና መንገድ የራቀች ነፍሰ ጡር ግን ምጥ እስኪጀምር መጠበቅ የለባትም። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሴቶች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚቈዩበት ቤት አለ፤ ይህ ልማድ ኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ በብዙ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቈያ ቤት ተሠርቷል። ሴቲቱ ስንቋን ይዛ፣ አንድ ዘመድ አስከትላ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በዚያ ትቈያለች። ባል ቡናና ዱቄት ማድረስ እንጂ ማጕረምረም አይገባውም። ከዚያ አስቀድሞም በእርግዝናዋ ወራት ደጋግማ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የደም ማነስ መድኀኒት ይሰጣታል፣ የደም ግፊቷ ይለካል፣ የሕፃኑ አቀማመጥ ይታያል። ደም የፈሰሳት፣ ራሷን አጥብቆ ያመማት፣ ዐይኗ የፈዘዘባት፣ ፊቷ ያበጠ፣ የተንቀጠቀጠች ወይም ትኩሳት የያዛት፣ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ የፈሰሳት ነፍሰ ጡር ግን ቀጠሮዋን አትጠብቅ፤ ወዲያው ትወሰድ።

ይህ ምክር ባዶ ተስፋ አይደለም። በ2000 በተደረገው የአገር ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ ወላድ በጤና ተቋም የምትወልደው 5 ብቻ ነበረች፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ሆነች። በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቍጥሩ 412 ሆነ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የሐምሊን ሆስፒታልም በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፍቶ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን አሠልጥኖ ወደየአገራቸው ይልካል። እነዚያ 412 እናቶች ግን ዛሬም ብዙ ናቸው።

በመንደሩ ፌስቱላ ይዟት የተሸሸገች ሴት ያለች እንደ ሆነ ሽማግሌው ወይም መምህሩ በመጀመሪያ ለዘመዶቿ በስውር ይንገር፤ በአደባባይ ስሟ አይነሣ። ከወለደች ገና ቀናት ወይም ሳምንታት የሆኗት እንደ ሆነ አትዘግይ፤ ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ ከተደረሰበት በቱቦ ብቻ ሳይሰፋ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ብዙ ዓመት ያለፋትም ተስፋ አትቍረጥ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ መጥተው የዳኑ አሉ። ሁሉም ወደ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋትም፤ በ2005 በባሕር ዳር፣ በ2006 በመቀሌና በይርጋ ዓለም፣ በ2009 በሐረር፣ በ2010 በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፍተዋል። አዲስ አበባ የምትሄደውን ግን ከተማውን የሚያውቅ ሰው ይከተላት፤ አዲስ ከተማ ወርዳ በዚያ ግርግር ብቻዋን መንገድ እንዳትጠይቅ ነው። ለጉዞው ደረቅ ጨርቅ፣ ሰፋ ያለ የላስቲክ መቀመጫና የሚጠጣ ውሃ ይያዝላት፤ ውሃውንም እንድትጠጣ ትመከር።

ድና የተመለሰች ሴት ሁለተኛ ያረገዘች እንደ ሆነ በቤት መውለድ ፈጽሞ አይገባትም፤ የተሰፋው ስፍራ በሁለተኛ ምጥ ሊቀደድ ስለሚችል በሆስፒታል በቀዶ ጥገና ትገላገላለች። ከታከመችበት የተሰጣትን ወረቀት ጠብቃ ትያዝ፤ ማንበብ ካልቻለች መምህሩ ለባሏና ለእናቷ ያንብብላት። ማርገዟን ባወቀች ጊዜ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወረቀቱን ታሳይ፤ ዘጠነኛው ወር ሲገባ ደግሞ ስንቋ ተዘጋጅቶ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል አስቀድማ ትሂድ።